የበራሪው ሰውዬ ዋስ

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ፊልም ተርጓሚ ሆኜ ሥራ በጀመርኩበት ዕለት የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ጋሼ ተፈራ ማይክሮፎኑን አስይዘውኝ እንዲህ አሉ፦ "ድብድብ ላይ አፍህን ያዝና ድምፁን ክፈተው። ወሬ ላይ አሳጥር። ሰው በዚህ ሙቀት ታጉሮ የሚቀመጠው ወሬ ሊሰማ አይደለም።"

ሥራው እንዲህ ነው። ከስክሪኑ ጎን ተቀምጬ ከታች የሚያልፈውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ እያነበብኩ የሁሉንም ድምፅ እሆናለሁ፤ ሌባውንም፣ ፖሊሱንም፣ ሙሽሪትንም። የማላውቀው ቃል ሲመጣ አስላለሁ። የከተማው ሰው ለዓመታት ጉንፋን የማይለቀኝ ይመስለው ነበር።

ስልክ በየሰዉ እጅ ሲገባ ወንበሮቻችን ባዶ መቅረት ጀመሩ። አንድ ነጋዴ አዳራሹን ለሽንኩርት መጋዘን ፈለገው። "የቅዳሜው ፊልም ሰው ካልያዘ ለሽንኩርቱ እሰጠዋለሁ። አንተም እንግዲህ…" ብለው ጋሼ ተፈራ አልጨረሱትም። ሌላ ሙያ ስላልነበረኝ ፈራሁ።

በቅዳሜው ፊልም ፖስተር ላይ ካባ የለበሰ ሰውዬ ከደመና በላይ ይበራል። ያንን አይተው ከጀውሃ ሹፌሮች፣ ከቀወት መንደሮች ገበሬዎች መጡ፤ አዳራሹ ሞላ። እኔ አስቀድሜ ያየሁት ግን መጀመሪያውን ብቻ ነበር፤ መብራት ሄዶብኝ ነበር።

መጀመሪያው ግሩም ነው። ጎርፍ ከተማ ሊውጥ ሲል ሰውዬው ከሰማይ ወርዶ ወንዙን በትከሻው ገፍቶ ወደ ሌላ አቅጣጫ ያዞረዋል። ሰዉ አጨበጨበ።

ከዚያ በኋላ ድብድብ የሚባል ነገር የለም። ወንዙ የዞረባቸው ገበሬዎች ከሰሱት፤ እሱም ካባውን እንደለበሰ ምክር ቤት ገብቶ ተቀመጠ። አንዱ ሹም ይናገራል፣ ሌላው ይቃወማል፣ ውሃ ይጠጣሉ። እኔም በጋሼ ተፈራ ትእዛዝ መሠረት "ተከራከሩ" ብዬ አለፍኩ።

"ምን ብለው?" አለ ከፊት ወንበር አንድ ድምፅ። ሐጂ ሰኢድ ናቸው፤ የአካባቢውን ጠብ ሁሉ ሲያስታርቁ የኖሩ ሽማግሌ። "ተከሳሹ ምን ብሎ መለሰ? ቃሉን አትብላብን፣ ልጄ!"

አንድም ሳላስቀር መተርጎም ጀመርኩ። ክረምት ላይ ወንዝ ማሳ ጠርጎ ሲወስድ ያላየ ሰው እዚያ አልነበረም። ገበሬዎቹ ከከሳሾቹ ጋር ወገኑ። ሹፌሮቹ "ከተማ አድኗል፣ ሌላ ምን ያድርግ!" አሉ። አንዱማ እጁን አውጥቶ ስክሪኑ ላይ ካለው ሰብሳቢ የመናገር ዕድል ጠየቀ።

መጨረሻ ላይ የገበሬዎቹ ተወካይ "ማሳችንስ?" ስትለው ሰውዬው ጀርባውን ሰጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ዝም እንዳለ ቆይቶ በረረ። ፊልሙ አለቀ፤ መብራት አበራን። ማንም አልተነሳም።

"የት ሄደ?" አሉ ሐጂ ሰኢድ።

"አለቀ እኮ፣ ሐጂ።"

"ካሳ ሳይል? ዋስ ሳይጠራ? ወላሂ፣ ሽምግልና እንዲህ ተረግጦ አይኬድም!"

"ፊልም ነው እኮ።"

"እስካሁን በሱ ፈንታ ሲናገር የነበረው ማነው?"

"እኔ ነኝ፤ ግን…"

"እንግዲያው ዋሱ አንተ ነህ። ተቀመጥ።"

ሳቅሁ፤ እሳቸው አልሳቁም። ጋሼ ተፈራ በር ላይ ሆነው ላባቸውን እየጠረጉ አፍጥጠውብኛል። ጨንቆኝ ሰውዬው በሩ ላይ ወደቆመበት ቦታ ፊልሙን መለስኩት። ጀርባው ብቻ ስለሚታይ አፉ ይንቀሳቀስ አይንቀሳቀስ አይታወቅም። በወፍራሙ ድምፄ "አጥፍቻለሁ። ከተማውን ሳድን እናንተን አላየሁም። ማሳውን መልሼ አቀናለሁ፤ ዘሩንም እችላለሁ" አልኩለት። ከዚያ ለቀቅሁት፤ በረረ።

"አሁን ይሂድ" አሉ ሐጂ ሰኢድ።

ሰዉ እየተመራረቀ ወጣ። አንድ ጎልማሳ ገበሬ ግን ወደ ኋላ ቀርቶ እጄን ጨበጠኝ። "የኔንም ማሳ ወንዝ ወስዶታል። ይቅርታ ያለኝ የለም ነበር" አለኝ። እኔም እንደ ልማዴ አሳልኩ።

በማግስቱ ያንኑ ፊልም ደገምነው፤ ሰው ቆሞ አየ። አዲስ አበባ የሚማር አንድ ጎረምሳ ተነስቶ "ይሄ ንግግር እኔ ባየሁት ላይ የለም!" ብሎ ጮኸ።

"አንተ ያየኸው ሳይታረቁ ነው" አሉት ሐጂ ሰኢድ።

ሽንኩርቱ ሌላ ቤት ተፈለገለት። ጋሼ ተፈራም ፊልም ልመርጥ ስሄድ "ስብሰባ ያለበት አምጣ" ማለት ጀመሩ።

ማይክ ለምትይዙ ልጆች የምለው ይህን ነው፦ ፊልሙን እስከ መጨረሻው ሳታዩ ሰው ፊት አትቅረቡ። ወሬውንም አታሳጥሩ።