ሰንበቴ ሜዳ የምታድረው አውሮፕላን

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄን ልቀበል አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ሄጄ፣ ከሽቦ አጥሩ ወዲህ ጥላ ይዤ ቆሜ ሳለ፣ ንፋሱ ከወዲያ በኩል አንድ ሽታ አመጣብኝ። ቤንዚን ነው እንዳልል የባጃጅ ቤንዚን እንዲህ አይሸትም፤ ናፍጣም አይደለም፤ ሣርና ጤዛ የተቀላቀለበት፣ ጉሮሮ ላይ ጣፈጥ የሚል ነገር ነው። ቀና ብል ከትልልቆቹ አውሮፕላኖች ራቅ ብላ፣ ከሜዳው ዳር፣ አፍንጫዋ ላይ የሚሽከረከር ክንፍ ያላት አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ቆማ ነዳጅ ይቀዱላታል። አጠገቤ ያለው ጎልማሳ አፍንጫውን በመሐረብ ሸፈነ። እኔ ግን አሮጊትን ማን ይታዘባታል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩና እስኪበቃኝ ሳብኩት። ይኸ የእናቴ ቤት ሽታ ነው ብለው መቼም አያምነኝም።

ያደግሁት ወገራ፣ ከአምባ ጊዮርጊስ አንድ ሙሉ ቀን በእግር ተሂዶ በሚደረስ፣ ገደል አፋፍ ላይ በተቀመጠ አጥቢያ ነው። ከቤታችን በታች ሰንበቴ ሜዳ የምንለው ረጅም መስክ ነበር፤ ሣሩ እየታጨደ ተሸጦ የሰንበቴው ዝክር የሚዘከርበት የቤተ ክርስቲያን መሬት ነው። አባቴ የሰንበቴው ሙሴ ስለነበር ተረኛን የሚያስታውሰው፣ የተጣላውን የሚያስታርቀው፣ ሜዳው ላይ በሬ የለቀቀውን የሚገሥጸው እሱ ነበር። ታች ቆላ ደግሞ በንጉሡ ጊዜ አንድ የእንግሊዞች የጥጥ ኩባንያ ነበረ፤ ኩባንያው የራሱ አውሮፕላን ነበረችው። ቆላ ካደረች ፀሐዩ ሞተሯን፣ ወባው ነጂዋን ይጨርሳል ተባለና ደጋ ማደሪያ ሲፈለግላት ሰንበቴ ሜዳ ተገኘ። ሽማግሌዎቹ ኩባንያው ቤተ ክርስቲያኑን ቆርቆሮ ሊያለብስ ተስማምተው እሺ አሉ፤ አለበሰም፣ እሱንስ አንዋሽም። ጠባቂነቱ ለአባቴ፣ የቤንዚኑ በርሜሎች ለቤታችን ጓዳ ተሰጡ። ያን ሽታ ከእህሉም ከልብሱም ጋር ለብሼው ነው ያደግሁት።

አባቴ አውሮፕላን ጠብቅ ሲባል የሚያውቀው የእንግዳ በቅሎ መጠበቅ ነበርና እንደዚያው አደረገ። ግራና ቀኝ ችካል ተክሎ ክንፎቿን በጠፍር አሰራቸው። ጅብ ጎማዋን እንዳይበላባት ዙሪያዋን በቀጋ እሾህ አጠረላት፤ ነጂው መጀመሪያ ሳቀ፣ በኋላ ሌላ ቦታ አንድ ሌሊት አሳድሮ ጎማው ተቦጫጭቆ ሲያገኘው ግን ሳቁን ተወ። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ አባቴ አንድ እቅፍ ድርቆሽ አምጥቶ ከአፍንጫዋ ሥር ያኖርላት ነበር። እንደማትበላ አጥቶት አይደለም። የእንግዳ ከብት ባዶ ግርግም ፊት አይታሰርም፣ ነውር ነው ይል ነበር። እናቴ ደግሞ፣ እቴቴ ነው የምንላት፣ ያረጀ ነጠላዋን እንደ እጅጌ ሰፍታ እንጨት ላይ ሰቀለችላት፤ ነጂው ከላይ ሆኖ ንፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ የሚያውቀው በእቴቴ ነጠላ ነበር።

ነጂው ሮበርት እባላለሁ ቢል አባቴ ሮቤል አለው፤ ሮቤልም ሆኖ ቀረ። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ በራችን ሁልጊዜ ግንባሩን የሚመታው፣ የሚመታውንም ይቅርታ የሚጠይቅ ረጅም ሰው። አስተርጓሚው አያ ታከለ የማክሰኝት ሰው ነው፤ እንግሊዝኛ ከሚሲዮኖች ተምሮ፣ ከሮቤል ኋላ ስለተቀመጠ ብቻ ግማሹን አውሮፕላን እሱ የሚነዳ የሚመስለው፣ ሸጋ ጨዋታ አዋቂ፣ ሆዱም እንደ ጨዋታው የሰፋ። እራት ተበልቶ እሳት ዳር ስንቀመጥ የሮቤልን አገር ወሬ በአያ ታከለ አፍ እንሰማለን። በእነሱ አገር የአውሮፕላን መንገድ የሚያስኬድ ድርጅት ብቻ ሳይሆን ብረት የሚያቀልጠውም፣ ጠላ የሚጠምቀውም፣ ብስኩት የሚጋግረውም ኩባንያ የየራሱን አውሮፕላን ገዝቶ፣ ስሙን ጎኗ ላይ ጽፎ ይቀመጣል አለን። ከጦርነቱ በኋላ ሥራ የፈቱት አውሮፕላኖችና ሥራ የፈቱት ነጂዎች አንድ ላይ በየኩባንያው ተቀጠሩ፤ የእሱም አስተማሪ ከእነዚያ አንዱ ነበር። የንስሐ አባታችን አባ ገብረ ማርያም ብስኩት ጋጋሪ አውሮፕላን ምን ያደርግለታል ብለው ጠየቁ። ሮቤል አሰበ አሰበና፣ እናንተስ ጋ ባላባት ቤተ ክርስቲያን ከቤቱ አጠገብ ሆኖ ሳለ ምነው በበቅሎ ይሄዳል ቢላቸው አባ ጠላቸውን አነሡ፤ ባላባት ወንድም ነበራቸው።

የእኛዋም አውሮፕላን መጀመሪያ የኩባንያው ዋና ጌታ መቀመጫ ነበረች፤ ወንበሯ ቆዳ ነው፤ ጌትየው የፈረስ ግልቢያ ሊያይ የሚሄደው በእሷ ነበር። ባለ ሁለት ሞተር ሲገዛ ጊዜ የታላቅ ልብስ ለታናሽ እንደሚወርድ ወደ ቆላው ጥጥ ወረደች። ከጌትነቷ ዘመን የቀረ አንድ ሕግ ግን ነበረባት፦ ከኩባንያው ሠራተኛና ከሠራተኛው ቤተሰብ በቀር ማንም አይሳፈርባትም። አንድ ግራዝማች ጎንደር አድርሰኝ ብሎ በቅሎውን እስከነመጣብሩ ሊሰጠው ቢል ሮቤል እምቢ አለ፤ ከእሱ በፊት የነበረው ነጂ ነጋዴ አሳፍሮ ከሥራ ወጥቷል አሉ። ጠዋት ጠዋት ሊነሣ ሲል ማንን እንደጫነ በሬዲዮ ቆላ ላለው ሥራ አስኪያጅ ይናገራል። የሚነሣውም በማለዳ ብቻ ነው፤ የደጋ አየር በብርዱ ወፍራም ነው፣ ፀሐይ ሲነካው ይሳሳና ክንፍ አይሸከምም ይለን ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ወባ ጣለው። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም፤ የታመመው እኛ ቤት ነው። መደቡ ላይ ተጋድሞ እየተንቀጠቀጠ በቋንቋው ሲለፈልፍ፣ አያ ታከለ እናቱን እየጠራ ነው አለን፤ እናቱን በልጅነቱ የቀበረ ሰው ነው። ይኼን ስትሰማ እቴቴን አንጀቷን በላት። እሷም በኩር ልጇን፣ ወንድ ልጅ ነበር፣ በኩፍኝ ቀብራለች፤ እኔ የመጨረሻዋ ነኝ፣ እሱን አላየሁትም። ሮቤል ትኩሳቱ ጋብ ያለለት ቀን ሁለት ጎረቤቶች ለምስክር ጠርታ፣ አውራ ጣቷን ማር ነክራ፣ ጡቷ ላይ አስደግፋ አጠባችው። መድኃኒት መስሎት ነው መሰለኝ እስኪያልቅ ጠባና ሌላ እንዲጨመርለት በእጁ ጠየቀ። ከዚያ ነው አያ ታከለ የጡት ልጅ መሆኑን፣ ከእንግዲህ የእቴቴ በኩር፣ የእኛ ታላቅ እንደሆነ ያስረዳው። ሮቤል መጀመሪያ ሳቀ፤ ቆይቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ሲነቃነቅ አየሁት። አባ ገብረ ማርያም ሃይማኖቱ የተለየ ሰው እንዴት ይጠባል ብለው ቢቆጡ እቴቴ ማር ሃይማኖት የለውም ብላ አሰናበተቻቸው።

ከዚያ ወዲያ ሲመጣ ባዶ እጁን አይመጣም፤ እሷም ለእሱ የሚቆረጠውን ለማንም አታስነካም። ታላቅ ወንድሜ አዱኛ እንኳ፣ ለወትሮው ቅናተኛ ነው፣ በማዕድ ተራውን ለሮቤል ለቀቀለት።

በዓመቱ፣ በሚያዝያ፣ እቴቴን ሆዷን ያዛት። መጀመሪያ ጥጥር አለች፤ ፌጦውም ጸበሉም ተሞከረ፤ ቀኑ ሲደጋገም ጮኻ የማታውቀው ሴት ጉልበቷን አቅፋ ታቃስት ጀመር። ሰዎች ቃሬዛ አዘጋጁ፤ ግን አምባ ጊዮርጊስ ድረስ የአንድ ቀን ቁልቁለትና አቀበት ነው፣ ከዚያ በማኪና ጎንደር፤ እንደማትደርስ ሁላችንም እናውቃለን። አውሮፕላኗ ሜዳው ላይ ቆማለች። አባቴ ግን አልጠይቅም አለ። እንግዳ እንጀራውን የሚያሳጣው ነገር አይጠየቅም፤ ቢጠየቅ እምቢ ማለት አይችልምና ማስገደድ ነው አለ። እኔ ልጅ ነኝ፣ ክብር ምን እንደሆነ አላውቅም፤ እናቴ ልትሞት መሆኑን ብቻ ነው የማውቀው፤ አባቴን በዚያች ጠዋት ጠላሁት።

ገና ሳይነጋጋ ቃሬዛው በሜዳው ዳር ሲያልፍ ሮቤል እሾሁን እያነሣ ነበር። እቴቴን አያት። ምንም አልጠየቀ፤ እሾሁን ጥሎ ሮጠና ሬዲዮውን ከፈተ። አያ ታከለ በሩ ላይ ቆሞ የሚባባሉትን ቀስ እያለ ለአባቴ ይመልስለታል። ሥራ አስኪያጁ ማንን ነው የምትጭነው አለው።

«እናቴን» አለ ሮቤል።

የሮቤል እናት ከሞተች ዘመን እንደሆናት ኩባንያው ሁሉ ያውቃል። ፀሐይ ከተራራው አናት ብቅ ማለት ጀምራለች፤ አየሩ ሊሳሳ ነው።

«እዚያ ደጋ ላይ እናት አለችኝ ነው የምትለኝ?»

«አለችኝ።»

እንግዲያው ዕዳው በራስህ ነው አለና ሰውየው ዘጋ። ሮቤል ያንን የጌታ የቆዳ ወንበር በመፍቻ ፈትቶ ሜዳው ላይ ወረወረው፤ የራሱን ሻንጣ ወረወረ፤ እቴቴን ወለሉ ላይ በጋቢ አስተኛት። አባቴ አንድ እግሩን አስገብቶ ሳለ ከባድ ነህ፣ አትነሣም ተባለ፤ አያ ታከለስ በዚያ ሆዱ ሊሳፈር እንኳን አልሞከረም። ውሃ የሚያጠጣት፣ አፍ የሚሆናት ቀላል ሰው ሲፈለግ እኔ ተገኘሁ። አባቴ አንሥቶ ሲያስገባኝ ፊቱን አየሁት፤ ጥላቻዬ ያኔውኑ ጠፋ።

ሜዳው አልቆ ገደሉ ሲመጣ አስታውሳለሁ፤ ከዚያ ከሥራችን ምድር እንደሌለ። የእቴቴን እጅ ይዤ በመስኮቱ ቁልቁል ሳይ ቤታችን እፍኝ ታህላለች፣ ቤተ ክርስቲያኑ ከነቆርቆሮው ከነዋንዛው፣ የእቴቴ ነጠላ እንጨቱ ላይ እየተውለበለበ፣ አባቴ ባዶው እሾህ መሐል ብቻውን ቆሞ። እንደዚያ ቀን አገሬን በሙሉ አይቼው አላውቅም። ሳልጠግበው አዘዞ ደረስን። ሮቤል እቴቴን ራሱ ተሸክሞ ወደ መኪና ሮጠ፤ ሐኪሙ ትርፍ አንጀቷ ሊፈነዳ ሲል ደረሰች አለ፤ ቀዶ አወጣላት። ተርፋ በእግሯ ቤቷ ገባች።

አውሮፕላኗ ግን ከዚያ ወዲህ ሰንበቴ ሜዳ አላደረችም። ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ከሰዓት በኋላ ሮቤል መጣ፤ ድምፅ ሳይቀድመው፣ ከአምባ ጊዮርጊስ በኩል፣ ጫማውን አቧራ አልብሶ፣ አስተርጓሚ እንኳ ሳይኖረው። እቴቴ ደጅ ቆማ ነበር።

«ምነው ልጄ፣ በእግርህ?»

«አውሮፕላን የለም» አለ፣ ቃላቷ ከእጁ ጣቶች ቁጥር በማያልፉ በዚያች አማርኛው። «እግር አለ።»

በእኔ የተነሣ ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። አይደለም፣ ኩባንያ ሸጠ አላት። አድሮ፣ ማር በልቶ፣ ሁላችንንም ስሞ፣ በሩን በግንባሩ መትቶ ወደ አገሩ ሄደ። ቆይቶ አባቴ አያ ታከለን ማክሰኝት ገበያ አገኘው፤ ጌቶቹ አውሮፕላኗን መሸጣቸው እውነት ነው፣ ጥጥ ለሚሸጥ አውሮፕላን ምኑ ነው ተብሎ፤ ሮቤል ግን ከዚያ በፊት ነው የተባረረ፣ በዚያች ቀን በረራ። አባቴ ይኼን ለእኔና ለአዱኛ ነግሮ ለእቴቴ እንዳንናገር አማለን። አልተናገርንም። ሜዳውም በመሬት ለራሹ ተሸነሸነ፤ ዛሬ ገብስ ይዘራበታል።

እቴቴ እድሜ ጠግባ፣ ከእኔ ጋር ጎንደር ኖራ ነው ያረፈችው። አልጋ ላይ በዋለችበት ሰሞን፣ ከእንቅልፏ ነቅታ፣ «ያን ልጄን በእግሩ ያስኬድኩት እኔ ነኝ» አለችኝ። ለካ ያን ሁሉ ዘመን ታውቅ ኖሯል። በለቅሶው ድንኳን ልጆቿ በዕድሜ ተራ ስንቀመጥ አዱኛ ከሁለተኛው ወንበር ጀመረ። ሐዘንተኛው እየገባ የመጀመሪያው ወንበር ባዶ መሆኑ ግር ሲለው የማን ነው ይለዋል።

«የታላቃችን ነው» ይላል አዱኛ። «መንገድ ላይ ነው።»

የልጅ ልጄ ባለ ጎማ ሻንጣዋን እየጎተተች ወጣች። ከአዲስ አበባ እስከዚህ ተኝታ ነው የመጣችው፤ በመስኮት አንድም ነገር አላየችም። ሰው ሁሉ ሄዶ እኔ ከአጥሩ አልነቀል ስላት ማንን ነው የምትጠብቂው አለችኝ። ያቺ ትንሿ አውሮፕላን ሞተሯ ጠፍቶ፣ ነጂዋም ወርዶ፣ ሲሚንቶው ላይ ብቻዋን ቆማለች። ጎንበስ ብዬ ከአጥሩ ሥር አንድ እፍኝ ሣር ነጨሁና በሽቦው ቀዳዳ አሾልኬ ወደ እሷ በኩል አኖርኩት። ዘበኛው አይቶ ተወኝ። ከዚያ ወደ ቤታችን ሄድን።