ያልወረደችው የጋሽ ሰኢድ እጅ

በደርግ ጊዜ ነው... አንድ ረቡዕ ከምሳ በኋላ። የቀበሌው ድምፅ ማጉያ «የቁልፍና የዛጎል ነጋዴዎች በሙሉ፣ ሱቃችሁን ዘግታችሁ ወደ አዳራሽ!» እያለ ከራጉኤል በታች ያለውን ሰፈር ያናውጠዋል። እኔ ያኔ ከእናቴ ጋር ክርና ቁልፍ እሸጥ ነበርና ተነሣሁ። ከስብሰባ መቅረት የሚባል ነገር እንደማይታሰብ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ጎረቤታችን ጋሽ ሰኢድ ግን ጥሪው ሳያልቅ ተነሥተው በር ላይ ቆመዋል።

ጋሽ ሰኢድ ምጽዋ ማዶ ካለች ደሴት የመጡ፣ ባሕር እየጠለቁ ዛጎል ሲያወጡ ያደጉ ሰው ናቸው። መርካቶ ከገቡ ወዲህ ያንኑ ዛጎል እየቆረጡ፣ እየበሱ፣ ብርሃን ሲያገኘው የሚያብለጨልጭ የሸሚዝ ቁልፍ ይሠራሉ። ዛጎሉን የሚልክላቸው እዚያው ባሕሩ ላይ የቀረው ታናሽ ወንድማቸው ነው።

«ዛሬስ እናገራለሁ» አሉኝ መንገድ ላይ።

«ምን ሊናገሩ ነው ጋሼ?»

«መንግሥት ባሕር ውስጥ ዛጎል ሊያረባ ነው። ያርባ! ማን ጠላ? ግን የሚረባውን ግልገል ከደሴታችን አጠገብ ካለችው ሰርጥ ሊለቅሙ ነው ብሎ ወንድሜ መልእክት ልኮልኛል። ሰርጧ ከተነካች አለቀ! ዛጎሉ የሚራባው እዚያ ነው። አባቶቻችን በረሃብ ጊዜ እንኳ እዚያ አይጠልቁም ነበር።»

ዶቃ ሻጯ እትዬ ዘነበች ከኋላችን ሰምተው ኖሮ «አንቱ ሰውዬ፣ ምላስዎን ይሰብስቡ! እርስዎ ከሚደርቁ ባሕሩ ይድረቅ!» አሏቸው።

አዳራሹ ውስጥ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጣ ወጣት ባለሙያ ካርታ ሰቅሎ ጠበቀን። ሰማያዊ የተቀባው ቦታ ዛጎል የሚለቀምበትና የሚረባበት ነው አለ። ቀዩ ደግሞ ማንም የማይነካው፣ ተጠብቆ የሚኖር የባሕር ክልል።

ጋሽ ሰኢድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ቀዩ እኮ አሸዋ ብቻ ነው... ሰርጧን ሰማያዊ ቀቧት!»

እጃቸውን አወጡ። የቀበሌው ሊቀመንበር አየ፤ እንዳላየ ሆነ። እጃቸውን አላወረዱም።

ባለሙያው «አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ካለ አስተያየት ቢሰጠኝ...» ማለት ሲጀምር ሊቀመንበሩ «ጊዜ የለንም ጓድ» ብሎ አቋረጠውና ወደኛ ዞረ።

«ዕቅዱን የምትደግፉ!»

እናንተዬ፣ የዚያን ጊዜ እጅ ከጭንቅላት ቀድሞ ነው የሚነሣው! አዳራሹ በእጅ ተሞላ። የእኔም አለችበት።

«አውርዱ!»

ሁሉም ወረደ። ሐሳብ ለመስጠት የተነሣችው የጋሽ ሰኢድ እጅ ግን... ብቻዋን ቆማ ቀረች።

የሊቀመንበሩ ፊት በራ። «አያችሁ ጓዶች! እኚህ አባት እዚያው ባሕሩ ላይ ተወልደው ያደጉ ናቸው። ከደስታቸው ብዛት እጃቸው አልወርድ አለ!»

ጭብጨባ።

ጋሽ ሰኢድ ብድግ አሉ። «ባሕሩ...» ብለው ትንፋሽ ሊወስዱ ቆም ከማለታቸው ጭብጨባው ቀለጠ። ተናጋሪ ቆም ሲል ይጨበጨባል፤ ልማዳችን ነዋ! «ያቺ ሰርጥ...» አሉ። አሁንም ጭብጨባ። በር ላይ ጠመንጃ ያነገተው የአብዮት ጥበቃ ሳይቀር ያጨበጭባል። እትዬ ዘነበች አንዴ ያጨበጭባሉ፣ አንዴ የጋሽ ሰኢድን ኮት ወደ ታች ይጎትታሉ።

ተቀመጡ።

ስንወጣ ባለሙያው ግቢው ውስጥ ሮጦ ደረሰባቸውና በሁለት እጁ ጨበጣቸው። «አባቴ፣ እውነቱን ልንገርዎት... ስለ ሰርጧ ልቤ ያመነታ ነበር። ትቅር ብዬ ልጽፍ ነበር። የአገሩ ተወላጅ ነዎት ሲሉኝና ያቺን እጅዎን ሳያት ግን ልቤ አረፈ።»

ጋሽ ሰኢድ አፋቸውን ከፈቱ። ሊቀመንበሩ ከየት መጣ ሳይባል ትከሻቸውን ጥርቅም አድርጎ አቀፋቸው። «የቀበሌያችን ኩራት!»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ጋሽ ሰኢድ።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ዛጎል እየሳሳ ሄደ፤ መጠኑም አነሰ። ኋላ ጭራሹን ቆመ። በመጨረሻ በዛጎሉ ፋንታ ወንድምየው ራሱ ባዶ እጁን መጣ። ያ ባሕር ሰንጥቆ የሚገባ ሰው ጎጃም በረንዳ ጋሪ ገፊ ሆነ።

አንድ ቀን ጋሪውን አቁሞ ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ሲያወራ ሰማሁት።

«ሰርጧን አራቁተዋት ሲሄዱ፣ ተዉ ብንላቸው፣ አዲስ አበባ ያለ ያገራችሁ ሰው እጁን አውጥቶ ደግፎታል አሉን። ማን ይሆን ያ ከሃዲ፣ ወንድምዬ?»

ጋሽ ሰኢድ የፕላስቲክ ቁልፍ ካርቶን ላይ እየሰፉ ነበር። የሚቀጥለውን ቁልፍ አንሥተው መስፋታቸውን ቀጠሉ።

ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት... ጋሽ ሰኢድ ከዚያ ስብሰባ ወዲህ ታክሲ ለማስቆም እንኳ እጃቸውን አያነሡም።