ማርሊስ ከሞተር በዓል የተመለሰችበት ሰኞ

ማርሊስ በዚያ ዓመት ሞተረኞች በየዓመቱ ወደሚሰበሰቡበት ወደ ሞተር በዓሉ እንደማትሄድ ለእናቷ በመስኮት ነግራቸው ነበር። በመስኮት የሆነው የአረጋውያን መጦሪያው ከመጋቢት ጀምሮ ለጠያቂ በሩን ስለዘጋ ነው። እሷ እዚያው መጦሪያ ወጥ ቤት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ምግብ አብስላለች። እናቷ ወይዘሮ ኦርፋ የሚኖሩት ከወጥ ቤቱ አንድ ኮሪደር አልፎ ነው። ኮሮና ከመጣ ወዲህ ግን የወጥ ቤት ሰው ያንን ኮሪደር እንዳይሻገር ተከለከለ። ስለዚህ ማርሊስ የእናቷን ሾርባ ሠርታ በጋሪ ትልክና፣ ሥራ ስትጨርስ በውጭ በኩል ዞራ፣ የአበባው መደብ ላይ ቆማ፣ በስልክ እያወራች በመስታወት ታያቸዋለች።

ወይዘሮ ኦርፋ ሰማንያ ሰባት ዓመታቸው ነው። ላም ያለቡ፣ በረዶ በአካፋ የዛቁ፣ ሁለት ባል የቀበሩ ብርቱ ሴት ነበሩ። ከሰኔ ወዲህ ግን ማንኪያውን ያነሱና መልሰው ያስቀምጡታል። ቀሚሳቸው ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። የመጦሪያው ኃላፊ ትሪና አንድ ቀን ማርሊስን ወደ ጎን ወሰደቻት።

«እናትሽ ያጡት መድኃኒት አይደለም፣ ሰው ነው» አለቻት። «ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ ግቢው ውስጥ ዛፉ ሥር አንድ አንድ ጠያቂ ሊፈቀድ ነው። የመጀመሪያውን ረቡዕ ላንቺ ይዤልሻለሁ።»

ማርሊስ ያን ቀን ማቀዝቀዣው በር ላይ በትልቁ «ረቡዕ» ብላ ጻፈች።

ላቨርን የደወለው ከዚያ በኋላ ነው። ላቨርን የሞተር ቡድናቸው መሪ ነው፤ ከእህል ጎተራ ሥራ ጡረታ የወጣ፣ ሆዱ ከሞተሩ እጀታ ቀድሞ የሚደርስ ሰው። ማርሊስና ባሏ ዴል ከእሱና ከሚስቱ ከኮኒ ጋር በየነሐሴው በዓሉ ወደሚደረግበት ወደ ስተርጂስ ከተማ ሲነዱ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ዴል ባለፈው ኅዳር ልቡ ቀጥ ብሎ ሞተ።

«በዓሉ አልቀረም» አለ ላቨርን።

«ሰምቻለሁ። እኔ ግን አልመጣም።»

«ይሁን። ታዲያ የዴልን ሞተር ለኮኒ ወንድም ልስጠው?»

የቡድኑ ደንብ ነው፤ አንድ ሰው ሲሞት በሚቀጥለው በዓል ሞተሩ ከሁሉ ፊት ይሄዳል። የሚነዳውም ከቤተሰቡ አንዱ ነው። ዴልና ማርሊስ ልጅ አልወለዱም።

«ያ ማርሽ በቀየረ ቁጥር ሞተሩን የሚያስጮኸው ሰውዬ?»

«ሌላ ማን አለ? አንቺ አልመጣም አልሽ።»

ማርሊስ ስልኩን ዘግታ ጋራዥ ገባች። ሞተሩን ከሸፈነው ሸራ ላይ አቧራውን ጠረገች፤ ከዚያ ሸራውን ራሱን አነሳችው። ደግሞም ስሌቱን ሠራች። ጥሬ ዶሮ የቆረጠችበትን ቢላዋ ወደ ሰላጣ የማታስጠጋ ሴት ናት። የራሷን ድንኳን ለብቻ ትተክላለች፣ የራሷን ምግብ ትይዛለች፣ ማስኳን አታወልቅም፣ ማንንም አታቅፍም። ሁለት ቀን፣ ከዚያ ወደ ቤት። ጥንቃቄ ያደረገ ሰው ምን ይሆናል?

ዓርብ በማለዳ ከነላቨርን ጋር ተነሱ፤ የዴልን ሞተር የያዘችው እሷ ናት። የሚዙሪን ወንዝ ተሻግረው ወደ ምዕራብ ሲዘልቁ በመንገዱ ዳር ያለው የሱፍ ማሳ አበባውን ሁሉ ወደ እነሱ አዙሮ ነበር። ከፊት የሚመጣ ሞተረኛ ሁሉ ግራ እጁን ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ በሁለት ጣት ሰላም ይላታል። እሷም ትመልሳለች። ከኅዳር ወዲህ ደረቷ ቀለል ያላት ያኔ ነው፤ ደስ መሰኘቷንም ወዲያው ፈራችው።

ከተማው ውስጥ ዋናው መንገድ በሞተር ተሞልቷል። አስፋልቱ በሙቀት ስለላላ ሰው ሁሉ የሞተሩ ማቆሚያ ብረት እንዳይሰጥም ሥሩ የተጨፈለቀ የቢራ ቆርቆሮ ያነጥፋል። ሕዝቡ ትከሻ ለትከሻ ነው። ይተቃቀፋል፣ ጆሮ ላይ ይጯጯሃል፣ በኮሮና የሚያላግጥ ካናቴራ እየገዛ እዚያው ይለብሳል። ማስክ ያደረገውን ሰው ማርሊስ በጣቷ ትቆጥር ጀመር፤ ሁለተኛው እጅ አላስፈለጋትም።

«ሴትዮ!» አላት አንድ ጺማም። «ባንክ ልትዘርፊ ነው?»

«አዎ። አንተ መኪናውን አስነስተህ ጠብቀኝ።»

ሰዉ ሳቀ። እሷ ግን ሳቁ ፊቷ ላይ ሲነፍስባት ተሰማትና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ከኋላዋም ሰው ነበር።

ቅዳሜ ዕለት የዴልን ሞተር ከፊት አድርጋ ስድስት ሆነው ወደ ጥዶቹ ኮረብታ ወጡ። መንገዱ ሲጠማዘዝ በመስታወት አምስቱን መብራት ታያለች፤ ማንም አልቀደማትም፣ ማንም አልተጠጋትም። ጫፉ ላይ ሲቆሙ ላቨርን ከቦርሳው የዴልን አሮጌ ፔርሙዝ አወጣ። በክዳኑ ውስኪ ቀዳ። ይሄም ደንብ ነው፤ በሟቹ ዕቃ ሁሉም አንድ አንድ ጉንጭ ይጠጣል።

«ላቨርን፣ በአንድ ክዳን?» አለች ማርሊስ።

«ምን አለበት? ውስኪ እኮ ነው! ሳኒታይዘር ማለት ይሄው አይደል? እየጠጣን ክዳኑን ያጥብልናል።»

«እኔማ በዚህ እጄንም ታጥቤያለሁ» አለች ኮኒና ሁሉም ሳቁ።

ማርሊስ አልሳቀችም። ውስኪ ለዚህ ሥራ አቅም እንደሌለው ታውቃለች። የእጅ ማጽጃው ስንት ጥንካሬ እንዲኖረው፣ እጅ ላይ ስንት ሰከንድ እንደሚቆይ የሚለውን ወረቀት ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ የለጠፈችው ራሷ ናት። ክዳኑ ግን አምስት አፍ ዞሮ እሷ ጋ ደረሰ። ሁሉም ሄልሜታቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው ቆመዋል። ላቨርን «ዴል» አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ሁሉም ያያታል። አልጠጣም ብትል ባሏን የካደችው ያህል ሆነባት። ማስኳን ወደ አገጯ ዝቅ አድርጋ ጠጣች።

እሑድ ጠዋት ላቨርን ድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጦ ያስላል።

«አቧራው ነው» አለ ሳትጠይቀው።

ማርሊስ ያየችው ግን ሳሉን አይደለም፣ ሳህኑን ነው። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ላቨርን ፓንኬክ ሲያስተርፍ አይታ አታውቅም። ዛሬ አንዱን ቆርሶ ትቶታል። ሻንጣውን ሞተሩ ላይ ያሰረችለት ኮኒ ናት።

አምስት ሰዓት ሙሉ ወደ ቤት ስትነዳ ሱፉ ጀርባውን ሰጥቷት ነበር። በየነዳጅ ማደያው ጉሮሮዋን ጠረግ እያደረገች ትሞክረዋለች። ምንም የለም። ላቨርን ሲሄዱ ሳል አልነበረበትም፣ ምናልባት የያዘው እዚያው ነው። ምናልባት እውነትም አቧራ ነው። ምናልባት ክዳኑ እሷ ጋ ሲደርስ ንጹሕ ነበር።

ሰኞ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በመጦሪያው የጓሮ በር ቆመች። ሙቀቷ ተለካ፤ ሠላሳ ስድስት ነጥብ አራት። ከዚያ የየቀኑ ቅጽ ተሰጣት። ሦስተኛው ጥያቄ «ባለፉት አሥራ አራት ቀናት ብዙ ሰው በተሰበሰበበት ቦታ ነበሩ?» ይላል። ሠራተኛው ሁሉ ሳያነበው «አይ» የሚለው ላይ ምልክት ያደርጋል።

አዎ ካለች ሁለት ሳምንት ቤቷ ትቀመጣለች፣ ረቡዕም ይቀራል። እንዲያ የከሳው የእናቷ ትከሻ ሁለት ሳምንት ይቆይላት ይሆን? ማርሊስ እንደ ሁሉም ሰው «አይ» ላይ ምልክት አድርጋ ገባች።

ሽርጥ አሰረች። እጇን ታጠበች። ካሮት መክተፍ ጀመረች፤ አርባ አንድ ሰው የሚበላው ካሮት ነው። ግማሽ ላይ ስትደርስ ማስኳን እንዳደረገች አፍንጫዋን ወደ መክተፊያው አስጠጋችና... ካሮት ሁልጊዜም ብዙ አይሸትም። ሽንኩርቱን ቆርጣ አሸተተች። እሱ ይሸታል። ደህና ነኝ ማለት ነው። ደህና ነኝ። ግን ለምን ታሸታለች? ደህና የሆነ ሰው ሽንኩርት እያነሳ ያሸታል እንዴ?

ቢላዋውን አስቀምጣ፣ ምንም ሳትነካ በጓሮ በር ወጣችና ከሜዳው ለትሪና ደወለች።

«ትሪና፣ ቅጹ ላይ ዋሽቻለሁ።»

ትሪና ጫማዋን በቅጡ ሳታስር ወጣች። ከሩቅ ቆማ ሁሉንም ሰማች፤ ከተማውን፣ ክዳኑን፣ የላቨርንን ሳል።

«አንቺ?» አለች። «ሌላ ሰው ቢሆን እሺ። አንቺ ማርሊስ?»

«እኔ።»

«ስንት ደቂቃ ቆየሽ ውስጥ?»

«ሃያ። ማስክ ነበረኝ። ምግብ አልወጣም።»

«እንዲህ ያለ ነገር ከመግባት በፊት ነው የሚነገረው! አሁን ሁሉንም መጣል አለብኝ፣ አብረውሽ የነበሩትን ሁለቱን ልጆች ከወጥ ቤት ማስወጣት አለብኝ፣ አርባ አንድ ሰው አፍንጫ ውስጥ የምርመራ እንጨት ላስገባ ነው።» ዓይኗ ቀላ። «ሂጂ ቤትሽ። ተመርመሪ። ደግሞ... ስለነገርሽኝ ደግ አደረግሽ። አሁን ግን ሂጂልኝ።»

ማክሰኞ ማታ ትኩሳቱ መጣ። ረቡዕ ጠዋት ከጤና ጣቢያው ደውለው ይዞሻል አሏት። ኮኒም ደወለች፤ ላቨርን ሆስፒታል ገብቷል፣ ኦክስጅን ተደርጎለታል፣ ነርሷን ፓንኬክ የታለ እያለ ያስቸግራታል። ኮኒ ይህን ብላ ሳቀች፤ ሳቁ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነ። ከመጦሪያው ሁለቱ የወጥ ቤት ልጆች ነጻ ተባሉ። የአረጋውያኑ ውጤት ገና ነው፣ ዓርብ ይመጣል።

ልክ በቀጠሮው ሰዓት ስልኳ ጮኸ። ትሪና ነበረች። «ዛፉ ሥር አውጥቻቸዋለሁ። አልገባም አሉ። አናግሪያቸው።»

«እማ?»

«ያንቺ ወንበር ባዶ ነው» አሉ ወይዘሮ ኦርፋ።

«አውቃለሁ እማ።»

«በመስኮት የነገርሽኝ ሌላ ነበር።»

«ስነግርሽ እውነት ነበር። በኋላ ነው የተበላሸው።»

«የዴል ሞተር ነው አይደል? ያ ሰውዬ ሞቶም እረፍት አይሰጥም።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ይዞሻል?»

«ይዞኛል።»

«እኔንስ?»

ማርሊስ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። «ዓርብ ይታወቃል። የሚይዝሽ አይመስለኝም። ግን አላውቅም እማ።»

ከወዲያ በኩል ነፋስ ቅጠሉን ሲያንኳኳ ይሰማል።

«ምሳ በላሽ?» አሉ ወይዘሮ ኦርፋ።

«ምንም አይጣፍጠኝም።»

«እኔም ከሰኔ ጀምሮ አይጣፍጠኝም፣ ማን ጠየቀኝ? ባንቺ ቦታ ያመጡት አዲስ ሰውዬ እዚህ ሳህኔ ላይ ያለውን ካሮት ድንጋይ አድርጎታል። ሂጂ አንድ ነገር አምጪ። እጠብቃለሁ።»

ማርሊስ ግድግዳውን ይዛ ወጥ ቤት ሄደችና ቀዝቃዛ ድንች በሳህን አመጣች። ስልኩን ትራሱ ላይ አስቀምጣ ቆረሰች። ድንቹ እንደ ጭቃ ነበር። ዋጠችው።

«በላሁ» አለች።

በስልኩ ውስጥ ቀጥሎ ማንኪያ ሳህን ሲነካ ሰማች፤ ቆይቶም እንደገና።

«ቁረሺ» አሉ እናቷ አፋቸው ሞልቶ። «ምን ትጠብቂያለሽ?»