ማጥፊያ ማሞቂያ የከፈተ ጊዜ

ባሌን ያገር ልጆች «ማጥፊያ» ነው የሚሉት። ስሙን ማን እንዳወጣለት አላውቅም። ባገኘው ግን ምሳ እጋብዘው ነበር፣ ባሌ ካልሰማ። ቁጭ ብዬ የሸሚዝ ቁልፍ ስተክል መብራቱ ድርግም ካለ፣ እሱ በኮሪደሩ አልፏል ማለት ነው። «ይቅርታ፣ ሰው ያለ አልመሰለኝም» ይላል። ይኸው ዐሥር ዓመት አብሮኝ ኖሮ ሰው መሆኔን አልደረሰበትም።

ሥራው የከተማ አውቶቡስ መንዳት ነው። ሁልጊዜ ከሰዓቱ ቀድሞ ስለሚገባ አለቆቹ ለሥራ ባለው ፍቅር አመስግነውታል። እውነቱን የማውቀው እኔ ነኝ። አውቶቡሱ ይሞቃል፣ ቤታችን አይሞቅም፤ የአውቶቡሱን ሙቀት ደግሞ የሚከፍለው መሥሪያ ቤቱ ነው።

ወደዚህ አገር አዲስ የሚመጣ ሰው ሁሉ ሻንጣውን ሳይፈታ ወደ እኛ ቤት ይላካል። ማጥፊያ ኩሽና ውስጥ ያስቀምጠውና ትምህርት ይጀምራል። ገላህን ስትታጠብ ከፍተህ ትረጥባለህ፣ ዘግተህ ትታሻለህ፣ ከፍተህ ትለቃለቃለህ። መዝፈን ካማረህ ውሃው ሲዘጋ ዝፈን። የልብስ ማጠቢያ ማሽን የሚነሳው የመብራት ታሪፉ ሲቀንስ፣ ጎረቤት ሁሉ ከተኛ በኋላ ነው። «ቤት ስትከራይ ደግሞ» ይላል ጣቱን ቀስሮ፣ «ኪራዩን ብቻ ሰምተህ ዘለህ እንዳትፈርም። ማሞቂያው እዚያው ኪራዩ ውስጥ ነው ወይስ ለብቻው? ብለህ ጠይቅ። እዚህ አገር ሰው የሚራቆተው በኪራይ አይደለም፣ በሙቀት ነው።» አዲሶቹ አፋቸውን ከፍተው ያዳምጡታል። ካፖርታቸውን ግን አያወልቁም።

የእኛ ቤት ማሞቂያዎች ግድግዳው ላይ ለጌጥ ነበር የተቀመጡት። ካልሲ አሰጣባቸው ነበር፤ ካልሲው ግን ሳምንት ሙሉ አይደርቅም።

እሁድ እሁድ ለእናቱ ይደውላል። የሰው ልጅ ለእናቱ ሲደውል ጉልበትሽ እንዴት ነው፣ ደም ግፊትሽስ ብሎ ይጠይቃል። የእኔ ባል የመብራት፣ የጋዝና የውሃ ዋጋ ዜና ያነባል። «እማዬ፣ እዚህ እኮ ሙቀት ይሸጣል! ጋዝ ደግሞ ጨመረ። እኛማ ብርድ ልብስ ደርበን እንቀመጣለን፣ ለመድነው» ይላል እየሳቀ። በሚቀጥለው ቀን ብር ይልክላቸዋል። አማቴ አገሩን ሳይረግጡ ታሪፉን ከእኔ አብልጠው ያውቁ ነበር።

ለዓመታት ሲለምናቸው ኖሮ በመጨረሻ ሊጠይቁን ፈቀዱ፤ ቪዛው የመጣው ግን ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ወር ሆነ። ማጥፊያ አንድ ምኞት ነበረው። እናቱን የሚነዳው አውቶቡስ ውስጥ የፊት ወንበር ላይ አስቀምጦ ከተማውን ማዞር። አሁን መንገዱ በረዶ ነው፣ ጉልበታቸውም አያስተማምንም። ስለዚህ በረዶው እስኪቀልጥ እንዲቆዩ ተስማሙ። ይህን ነገር ሲያወራ እንደ ሕፃን ነበር የሚያደርገው።

ሊመጡ ሲሉ ከሥራ ገባና ጃኬቱን ሳያወልቅ ሳሎን ያለው ማሞቂያ ፊት ተንበረከከ። ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው አዞረው። ቧንቧው ሲያጓራ የሚፈነዳ መስሎኝ ወደ በሩ ሸሸሁ።

«ለእማዬ ነው» አለኝ፣ ቆጣ ብሎ።

ለእኔ ዐሥር ዓመት ያልተከፈተ ለእማዬ ተከፈተ! ቀናሁ፣ ምን እዋሻለሁ። ግን ጀርባዬን ሲሞቀኝ ጊዜ ይበልጥ ተጠጋሁት።

አማቴ ገቡ፤ ተላቀስን፣ ተሳሳምን። ከዚያ በኋላ ግን የማይገባኝ ነገር መጣ። ጠዋት ለሥራ ስንወጣ ቤቱ ይሞቃል፤ ማታ ስንመለስ ፍሪጅ ሆኖ ይጠብቀናል። አማቴ የእኔን ካፖርት በሹራባቸው ላይ ደርበው፣ የልጃቸውን ካልሲ እጃቸው ላይ አጥልቀው ሶፋው ላይ ኩርምት ብለዋል።

«በረደሽ እንዴ እማዬ?»

«ኧረ ምን ብርድ አለ! ደህና ነኝ» ይላሉ፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ።

ማጥፊያ ማሞቂያውን ይዳስሳል። ማዞሪያው እስከ መጨረሻው እንደዞረ ነው፤ ብረቱ ግን በረዶ ነው። እራታችንን እስክንጨርስ ቀስ በቀስ ይሞቃል፣ በማግሥቱ ማታ ደግሞ ያው።

እንዲህ እያልን ስንሰነብት አንድ ቀን እራት ላይ አማቴ «ልጄ፣ ትኬቴን ቀይርልኝና ልሂድ» አሉ። «ናፍቆቴን ተወጥቻለሁ፣ ይበቃኛል።»

ማጥፊያ እራቱን ሳይጨርስ ተነሳ። መኝታ ቤት ስንገባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና «ብርዱ ነው ያባረራት። እናቴን በብርድ አባረርኳት» አለኝ። እንባ አቅርሮ ነበር። የውሃ ክፍያ እጥፍ ሆኖ የመጣብን ጊዜ እንኳ እንደዚያ አልሆነም።

በማግሥቱ ቴክኒሻን ጠራ። ገና ሳይነካው፣ ለመምጣቱ ብቻ የሚያስከፍል ሰው! ያለ ማደንዘዣ ጥርሱን ቢያስነቅል ይመርጥ የነበረ ባል ነው። ፈቃድ ጠይቆ ቀን ላይ ወጣ፤ እኔም ተረኛ አልነበርኩምና ደጃፍ ላይ ጠብቄው ከቴክኒሻኑ ጋር አብረን ገባን። አማቴ አልጠበቁንም፤ ኩሽና ነበሩ።

ቴክኒሻኑ ተንበረከከ። ማሞቂያውን አየ፣ ቀና ብሎ እኛን አየ።

«ዝግ ነው» አለ።

«ምኑ?»

«ማሞቂያው ነዋ። ዜሮ ላይ ነው ያለው። ከተከፈተ ይሞቃል።» ከፈተው፤ ቧንቧው አጓራ። ደረሰኙን ሰጥቶን እየተገረመ ወጣ።

ማጥፊያ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ ደም ለብሷል። «አንቺ ነሽ!»

«እኔ? ዐሥር ዓመት በሁለት ሱሪ የተኛሁት ሴትዮ? እኔ ነኝ የዘጋሁት?» ብዬ የሆዴን ሁሉ ልዘረግፈው ስል አማቴ ካልሲውን እጃቸው ላይ እንዳጠለቁ ብቅ አሉ።

«እሷን ተዋት» አሉ። «እኔ ነኝ። እናንተ ስትወጡ እዘጋዋለሁ፤ ድምፃችሁን ደረጃው ላይ ስሰማ እከፍተዋለሁ።»

«ለምን እማዬ?»

«ለምን ትለኛለህ? በየእሁዱ ምን ስትለኝ ኖርክ? አንተ እየሳቅህ ነበር የምታወራው፤ እኔ ግን ስልኩ በተዘጋ ቁጥር ይበርደኝ ነበር። የላክህልኝን ብር ይዤ፣ ልጄ ሳይሞቀው ያስቀረልኝ ነው እላለሁ። ታዲያ አሁን ደግሞ እዚህ ድረስ መጥቼ ቁጭ ብዬ ላቃጥልብህ? ብሄድልህ ይሻላል።»

ዐሥር ዓመት የቀለድኩበት ብርድ የት ይሄድ እንደነበር አሁን ገና ገባኝና አለቀስኩ።

ማጥፊያ አላለቀሰም። ፒንሳውን አመጣ። ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው አዞረና ብሎኑን ፈትቶ ነቀለው፤ ኪሱ ከተተው። ወደ መኝታ ቤቶቹ ገባ፤ እዚያም ከፍቶ ነቀለ። «እስቲ አሁን ማን እንደሚዘጋው አያለሁ» ብሎ ኪሱን እያንሿሿ ወደ ሥራው ሄደ።

ቤቱ ጋለ። አማቴ መጀመሪያ ካልሲውን፣ ቀጥለው ካፖርቱን፣ ውለው አድረው ሹራቡንም አወለቁ። ሙቀቱ ሲበዛብኝ መስኮት ብከፍት ማጥፊያ ከሥራ ቦታው ደውሎ «መስኮት ከፍታችኋል አይደል?» አለኝ። እንዴት እንዳወቀ ፈጣሪ ይወቀው። የትኬቱን ነገር ከዚያ በኋላ ያነሳ የለም።

መንገዱ ሲደርቅ፣ ጠዋቱ ገና ቆንጠጥ እያደረገ ሳለ፣ አማቴ አውቶቡሱ ውስጥ ገቡ። ከሾፌሩ ጀርባ ያለው ወንበር ላይ ተደላድለው ተቀመጡ፤ እኔ ከጎናቸው። ማጥፊያ ከረባቱን አስተካክሎ ሞተሩን አስነሳ፤ በመስታወቱ እኛን እንጂ መንገደኛውን አያይም። ሞቃቱ አየር ከወንበራችን ሥር ቡልቅ ሲል አማቴ ደነገጡ።

«ይሄንንም አንተ ነህ የምትከፍለው?»

«አይ እማዬ፣ መሥሪያ ቤቱ ነው።»

አማቴ የካፖርታቸውን ቁልፍ ፈቱ፤ እግራቸውንም ዘረጉ።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?» አሉት። «ጨምረው!»