ቆሞ ላየ ሰው ሙሾ

ባለፈው ሳምንት ከሳሪስ አቦ ወደ ቃሊቲ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ልኩን የረሳ ነበር። ከኋላ ወንበር አምስት ሆነን ተጣብበን ተቀመጥን። መቼም ከዚህ በላይ አይጫንም ብዬ ስንቀሳቀስ ከበታቼ ስድስተኛ ሰው አገኘሁ። ይቅርታ ብጠይቀው «ችግር የለም፣ ለምጄዋለሁ» አለኝ።

ሬዲዮው የስፖርት ፕሮግራም ላይ ነው። የአንድ ክለብ ባለጸጋ ደጋፊ አርፈው ኖሮ አዘጋጁ ስልኩን ለሐዘንተኞች ከፍቶታል። አንዱ ደውሎ «አሁን ማን ተጫዋች ያመጣልናል?» እያለ ያለቅሳል። ሌላው «ከአባቴ ሞት ይኼ በለጠብኝ» ሲል፣ አባቱ በሕይወት ካሉና ሬዲዮ ከከፈቱ ማታ ቤት ውስጥ የሚሆነው ታየኝ። ሣቅሁ። ሣቄ ግን መንገድ ላይ ቀረ፤ ዓይኔን የሆነ ነገር ወጋኝ።

ረዳቱ አየኝና «ፋዘር፣ ሰውየውን ያውቋቸው ነበር እንዴ?» አለኝ።

«እኚህን አላውቃቸውም» አልኩት። «የኔው ከሞተ ቆይቷል።»

ጊዜው የንጉሡ ዘመን ነው። አቃቂ ያን ጊዜ በፋብሪካ ጡሩምባ ተኝታ በፋብሪካ ጡሩምባ የምትነሣ ከተማ ነበረች። ዶሮዎቿ እንኳ ጡሩምባው ቀድሞ ካልጮኸ አይጮኹም ነበር ብል የጨመርኩት ጥቂት ነው። እኔ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ፈትል ክፍል ነበርኩ። ከፈረቃ ስንወጣ የጥጥ ብናኙ እስከ ቅንድባችን ስለሚያለብሰን የሃያ ዓመት ሽማግሌዎች ነበርን። አንድ ቀን እናቴ ሳታውቀኝ «ይግቡ አባቴ» ብላ ወንበሯን ለቅቃልኛለች።

ከፈትል ክፍል ሥራ የሚያስገርመው ግን ጥጡ አይደለም፣ ጫጫታው ነው። ማሽኖቹ ከተነሡ አጠገብህ ያለው ሰው ቢያናፋም አትሰማውም። ስለዚህ አዲስ ገቢ ሁሉ መጀመሪያ የሚማረው ክር መቀጠልን ሳይሆን ከንፈር ማንበብን ነው። ስድብ፣ ቀልድ፣ ሐሜት፣ የፍቅር ቀጠሮ፣ ሁሉም ያለ ድምፅ በከንፈር ነበር የሚተላለፈው። ከፋብሪካው ውጭ ይኼ ችሎታ ብዙ ትዳር በጥብጧል። ሰው ከጎዳና ማዶ ሆኖ ስላንተ ሲያወራ አንተ ከዚህ ማዶ ትመልስለታለህ።

የእግር ኳስ ቡድንም ነበረን። ሜዳችን የደብረ ዘይት መንገድና የባቡሩ ሐዲድ ከሚቆራረጡበት ዳር ነው። አንዱ ጎል ለሐዲዱ ከመቅረቡ የተነሣ የተለጋ ኳስ ከዕቃ ጫኝ ባቡር ላይ ወድቆ ድሬዳዋ ድረስ ሄዷል። ከሳምንት በኋላ አንድ የባቡር ሠራተኛ መለሰልን። ተከላካያችን ኳሱን ተቀብሎ አገላብጦ አየና «ጠቁሯል» አለ።

የዚህ ቡድን ዋና ደጋፊ አቶ ቦጋለ ነበር። የእህል ነጋዴ፣ የጭነት መኪኖች ባለቤት፣ አዲስ አበባ ላይ ፎቅ ቤት ያለው ሰው ነው። ማሊያችንን የገዛው እሱ፣ ወደ ሌላ ሜዳ ስንሄድ በትልቁ ኤንትሬ የጭነት መኪናው የሚያስጭነን እሱ፣ ለዕረፍት ሰዓት ብርቱካን በጆንያ የሚያመጣው እሱ ነበር። እኛ ግን በዚህ ብቻ አልወደድነውም። ሀብታም ሆኖ ወንበር እምቢ ይላል። ካፖርቱን ደርቦ፣ ከዘራውን ተደግፎ፣ ከመስመሩ አጠገብ ከመጀመሪያው ፊሽካ እስከ መጨረሻው ይቆማል። ዝናብ ሲመጣ ጥላ የሚዘረጋለትን ሾፌሩን «ልጆቹ እየረጠቡ?» ብሎ ያባርረዋል። ደግሞ ሕግ ነበረው። «ሜዳ ዳር አንቱ የለም» ይል ነበር። በመሆኑም ከሥራ መልስ ባርኔጣችንን አውልቀን የምንሰግድለትን ሰው እሑድ እሑድ «አንተ ቦጋለ፣ ዳኛውን ስደበው እንጂ!» እንለዋለን። ይሰድብ ነበር፤ ኧረ አሳምሮ!

አንድ እሑድ በዶፍ ዝናብ አሸነፍን። ፊሽካው ሲነፋ አቶ ቦጋለ እንደ ተነከረ በርበሬ ማድረቂያ ጆንያ ውኃ እያንጠፈጠፈ፣ ብርቱካን እየላጠ፣ «ስሞት በዚህ በኩል ነው የምታሳልፉኝ። ሜዳዬን ሳልሰናበት እንዳልቀበር» አለ።

የደጋፊዎች አለቃ ጋሽ ደምሴ የፋብሪካው መካኒክ ነበር፤ እጁ ከግራሶ፣ አፉ ከመሐላ የማይለይ ሰው። ጨዋታው ስላለቀ ወደ አንቱታው ተመልሶ «አቦን! ከሜዳው ዳር ሳላቆምዎት አፈር አይለብሱም!» አለ። ሁላችንም ሣቅን። ጋሽ ደምሴ ከዚያ ቀን በፊት በአቦ ምሎ አያውቅም ነበር። አቦን የሚፈራቸው ከመብረቅ አስበልጦ ነው።

ዓመት አልሞላም። መስከረም ላይ፣ የሜዳው ሣር ጉልበት በደረሰበት ሰሞን፣ ወሬው በፈትል ክፍል ከንፈር ለከንፈር መጣ። ከበሩ አጠገብ ያለው ሰው ለሁለተኛው፣ ሁለተኛው ለሦስተኛው፤ እኔ ጋ ሲደርስ «ቦጋለ ሞተ» የሚለውን አነበብኩ። ከዚያ ለቀጣዩ ላስተላልፍ ዞርኩ። ማሽኖቹ ያጓራሉ፤ ሰው ሁሉ ያለ ድምፅ አፉን ከፍቶ ይዘጋል። እንደዚያ ያለ ጸጥታ ከዚያ ጫጫታ በቀር የትም ሰምቼ አላውቅም።

የሐዘን ልብስ ጥያቄ መጣ። ሴቶች ነጠላቸውን ይዘቀዝቃሉ፤ እኛስ? ጋሽ ደምሴ ማሊያችንን ገልብጠን እንድንለብስ ወሰነ። ውስጡን ወደ ውጭ፣ የስፌቱ ክር እንደተንጨባረረ። እንዲያ ሆነን አዲስ አበባ ወደ ለቅሶው ቤት ሄድን። ጥቁር መነጽር ያደረገ የሟቹ ሚስት ወንድም በሩ ላይ ተቀበለን።

«እናንተ ምኑ ናችሁ?» አለ።

ለቅሶ ቤት ይኼን የመሰለ ከባድ ጥያቄ የለም። ዘመዱ አይደለን፣ ሠራተኛው አይደለን፣ የዕድሩ ሰው አይደለን።

«ቲፎዞአችን ነበሩ» አለ ጋሽ ደምሴ።

«ቲፎዞዎቹ ነን ነው የምትለኝ?»

«የለም ጌታዬ፣ እሳቸው ናቸው የኛ ቲፎዞ።» ከዚያ መሐላውን ነገረው። አስከሬኑ ለቀብር ወደ ትውልድ አገሩ፣ ከደብረ ዘይት ወዲያ፣ እንደሚሄድ ሰምተናል፤ መንገዱ በኛው በር ስለሆነ ከሜዳው ዳር ትንሽ ይቁምልን አለ።

ሰውየው መነጽሩን አወለቀ። ዓይኑ እንደኛው የቀላ ነበር። «ወንድሞቼ፣ ነገ ከቀትር በፊት ማድረስ አለብን። በየመንገዱ ወዳጅ አለው። ለሁሉ ልቁም ካልኩ በሳምንቱም አልቀብረውም። መኪናው አይቆምም» አለ። ብንሰዳደብ ይሻለን ነበር። ትክክል ሲሆንብህ ምን ታደርገዋለህ?

ተመልሰን አቃቂ ስንደርስ ጋሽ ደምሴ «ባይቆምም ያልፋል። ሲያልፍ እንኳ የሚሰማው ይኑር። እትዬ የሺ ጋ እንሂድ» አለ።

እትዬ የሺ ጠላ ነጋዴ ነች፣ ከዚያም በላይ አልቃሽ። እሷ ሙሾ ስታወርድ ድንጋይ ያነባል ይባላል። ድንጋዩን አላየሁም፤ አንድ የአራጣ አበዳሪ ሲያነባ ግን አይቻለሁ። ገብተን ነገርናት። እጇን አደራርቃ ተቀመጠችና ጥያቄዋን ጀመረች።

«ምን ገድሏል?»

«ማን?»

«ሟቹ ነዋ! አንበሳ፣ ጎሽ…»

«ምንም አልገደሉም» አልኩ እኔ፤ «አንዴ ግን ዳኛ ለጥቂት ነው የተረፈው።»

«ዝም በል አንተ ጥጣም! ፈረሱስ ማን ይባላል?»

«ኤንትሬ» አለ ጋሽ ደምሴ።

«ይኼን ኳስ የምትሉትን ታዲያ እሱ ነው የሚጫወተው?»

«የለም፣ ልጆቹ ናቸው።»

«እሱስ?»

«ቆመው ያያሉ።»

እትዬ የሺ ሁላችንንም በተራ አየችን። «ቆሞ ላየ ሰው ነው ሙሾ አውርጂ የምትሉኝ?»

ጋሽ ደምሴ ግራሶ የጠገበ እጁን እያየ፣ «እትዬ የሺ፣ እኛን ቆሞ ያየን ማን አለ?» አላት።

እትዬ የሺ ዓይኗን ጨፍና፣ ለራሷ እንደምታንጎራጉር፣

*ዝናብ ያልገፋውን፣ ፀሐይ ያላደከመው፣*
*እንዲያ እንደቆመ ሞት እንዴት አጋደመው።*

አለች። በረኛችን፣ ያ ቁመቱ በር የማይበቃው ሰው፣ ጣሳውን አስቀምጦ ወጣ። «ይበቃል» አለች እትዬ የሺ፤ «ሬሳ ሳይኖር አያለቅሱም፣ ሟርት ነው። ነገ እመጣለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ከፈረቃ የወጣውም ሊገባ ያለውም ከሜዳው ዳር ተሰለፈ። ሴቶች ንፍሮ ይዘው መጥተዋል። ከወንዙ የቆዳ ፋብሪካው ሽታ፣ ከሣሩ የጤዛው ሽታ ይመጣል። እትዬ የሺ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ከፊት ቆማለች። ዕቅዳችን ቀላል ነበር። መኪናው እስኪያልፍ ያለችው ጊዜ ለአንዲት ስንኝ ትበቃለች፤ ያችን ታወርዳለች፣ እኛ እንቀበላለን።

ከቃሊቲ በኩል መጡ። ከፊት ራሱ ኤንትሬው፣ ታጥቦ፣ ጥቁር ጨርቅ ለብሶ፣ ሣጥኑ ከላይ። እኛ ስንዘፍን የምንቆምበት ቦታ ላይ ነው ያስቀመጡት። ከኋላው ትንንሽ መኪኖች ተከታትለዋል። የሚስቱ ወንድም እንዳለው ፍጥነታቸው የሚቆም ሰው ፍጥነት አልነበረም።

ይኼኔ ባቡሩ ጮኸ።

የማቋረጫው ጠባቂ ማገጃውን አወረደ። ዛሬም «ሆን ብሎ ነው፣ እሱም ደጋፊ ነበር» የሚሉ አሉ። ነገር ግን ባቡሩ እውነተኛ ነበር፤ ዕቃ ጫኝ፣ ጭራው የማይታይ፣ ዳገት እንደያዘ ሽማግሌ የሚያዘግም። ኤንትሬው እያቃሰተ ቆመ። የቆመው ደግሞ አቶ ቦጋለ ካፖርቱን ደርቦ ይቆምባት ከነበረችው ቦታ ፊት ለፊት ነው።

ለመንን፣ ተከለከልን፣ እግዜር ሰጠን። አሁን ጊዜ አለን። የፈለግነውን ማድረግ እንችላለን።

ምንም አላደረግንም።

ዳኛ ያስለቀስን፣ በጩኸት ጎል ያስገባን ሰዎች እንደ አጥር እንጨት ቀጥ ብለን ቀረን። ከበሮ መቺው ከበሮውን እንደ ሕፃን ታቅፏል። ጋሽ ደምሴ ብቻ ወደ ኤንትሬው ተጠግቶ፣ ሁልጊዜ ልንሳፈር ስንል እንደሚያደርገው፣ እጁን በመጫኛው፣ በካሶኒው ብረት ላይ አሳረፈ። ግን አልወጣም። ሾፌሩ መሪውን ጨብጦ ወደ ፊት ብቻ ያያል። ሁላችንም እትዬ የሺን አየናት።

እትዬ የሺ እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ፣ ወደ ሣጥኑ ቀና ብላ አፏን ከፈተች። ባቡሩ ልክ ያን ጊዜ ጡሩምባውን ለቀቀው። ምድር ተንቀጠቀጠች። ከኋላችን የነበሩት የሰፈር ሰዎች ድምፅዋን ባይሰሙም አፏን አይተው አለቀሱ። ባቡሩ አልፎ ጸጥ ሲል እጇን አወረደች። ማገጃው ተነሣ። ኤንትሬው ተንቀሳቀሰ፣ ከሐዲዱ በላይ ነጠር ነጠር አለ፣ ወደ ደብረ ዘይት ሄደ። የጋሽ ደምሴ እጅ አየር ላይ ቀረ።

ሰው ሁሉ እትዬ የሺን ከበባት። «እንዴት ያለ ሙሾ አወረድሽ! ያ ቀፋፊ ባቡር ዋጠብን እንጂ!»

«ባቡሩ ዋጠብኝ» አለች፣ ወደ መሬት እያየች።

እኛ፣ የፈትል ክፍል ልጆች፣ ተያየን። ከጫጫታ ውስጥ ቃል ማንበብ ነው እንጀራችን። አፏን ከከፈተችበት እስከ ዘጋችበት ድረስ አይተናታል። ከንፈሯ አልተንቀሳቀሰም። አንድም ቃል አልወጣትም። ያቺ ድንጋይ የምታስለቅስ ሴት እንደኛው ቆማ ነበር ያየችው።

ማናችንም ትንፍሽ አላልንም። ንፍሮውን በየእፍኛችን ተቀብለን ሣሩ ላይ ተቀመጥን። እኔ ቀልድ ፈለግሁ፤ ጨርሶ የማጣው ነገር አይደለም፣ ያን ዕለት ግን አጣሁ። ጋሽ ደምሴን «መሐላህ ደረሰልህ፤ ከሜዳው ዳር ቆሙ» ስለው፣ ንፍሮውን በእጁ እያንከባለለ «እኔ መች አቆምኳቸው? ባቡሩ ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ በአቦ አልማለም።

በቀጣዩ እሑድ ጨዋታ ነበረን። ሰው በመስመሩ ዳር ግጥም ብሎ ሞልቶ፣ አንዲት የሰው ቁመና የምታህል ቦታ ባዶ ቀረች። ማንም ተዉለት አላለም፤ ማንም ግን አልገባባትም።

ይኼን ሁሉ ለሚኒባሱ ረዳት አልነገርኩትም። ወራጅ ስለበዛ ግማሹ ላይ ያቋርጠኝ ነበር። ቃሊቲ ልንደርስ ስንል አዘጋጁ አንድ የመጨረሻ ደዋይ አስገባ።

«ሄሎ፣ ማን ልበል? ከየት ነው የሚደውሉት?»

ምንም የለም።

«ሄሎ? የሬዲዮዎን ድምፅ ይቀንሱና ይናገሩ። ሄሎ?»

ከሩቅ የመኪና ጡሩምባ ይሰማል፣ ከቅርብ ትንፋሽ። አዘጋጁ ሣቅ ብሎ፣ «እንግዲህ አድማጮቻችን፣ መስመሩ ተቋርጧል» አለና ዘፈን ለቀቀ።

ረዳቱ ከንፈሩን ምጥጥ አድርጎ «ምስኪን፣ ካርዱ አልቆበት ይሆናል» አለ።

«ይሆናል» አልኩት። ወራጅ አልኩና ወረድኩ፤ ሚኒባሱ እስኪርቅ ድረስ መንገዱ ዳር ቆሜ አየሁት።