የቢቸናው ፍትሐዊ የፊልም ሽልማት

ነገሩ የሆነው ከሚሊኒየሙ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ ቢቸና አስተማሪ ሆኜ ሳለሁ ነው። የፊልም ሽልማት ዕጩዎች ይፋ በሆኑ ቁጥር ሰው «የሕዝቡን ፊልም ዘለሉት!» እያለ ሲጨቃጨቅ ስሰማ ትዝ ይለኛል።

ያን ዓመት አገሩን ሁሉ ያስለቀሰ አንድ ፊልም ነበር። ጋዜጦች አወድሰውታል፤ የቢቸና ሰው ደግሞ ቪዲዮ ቤት ወንበር አጥቶ ቆሞ ነው ያየው። ዋናዋ ተዋናይት የጎረቤታችን የሞጣ ልጅ መሆኗ ሲሰማ፣ ፊልሙ የእኛው ሆነ። ታዲያ አዲስ አበባ ላይ የታላቁ ሽልማት ዕጩዎች ሲጠሩ ስሙ እንኳ አልተነሣም።

ቢቸና ተቆጣች። የኪነ ጥበብ ወዳጆች ነን የምንል ጥቂት ሰዎች ተሰብስበን «ፍትሐዊውን ሽልማት እኛ እንሰጣለን» አልን። ሊቀመንበራችን አቶ መኰንን ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር፣ በልጅነታቸው ቅኔ የቆጠሩ፣ በቀላሉ የማይረቱ ሰው ናቸው።

ዕጩ ስንመርጥ እኔ ያንን ፊልም ጠራሁ።

«ሰሙ ሞልቷል፤ ወርቁ የት አለ?» አሉ አቶ መኰንን።

«ጋሼ፣ ጋዜጣው ሁሉ አመስግኖታል እኮ።»

«ጋዜጣና ገበያ የተስማሙበት ነገር ይጠረጠራል።»

«ለመሆኑ አይተውታል?»

«ሰው ሁሉ ያየውን እኔ ምን ብዬ አያለሁ?»

በዚህ ጥልቅ ሂስ ላይ ተመሥርቶ ድምፅ ተሰጠ፤ ፊልሙ ወደቀ። ፍትሕን ከአዲስ አበባ ነጥቀን አምጥተን ቢቸና ላይ ቀበርናት። ዕጩ ሆነው ካለፉት ፊልሞች አንዱ ስለ እርከን ሥራ የተዘጋጀ ትምህርታዊ ፊልም ነበር።

የሽልማቱ ዕለት የተዋናይቷ እናት ወይዘሮ የሺ፣ «ልጅሽ ልትሸለም ነው» የሚል ወሬ ሰምተው፣ ነጭ ለብሰው ከሞጣ በሚኒባስ ከተፍ አሉ። እውነቱን ሊነግራቸው የደፈረ የለም። ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥናቸው።

የእርከኑ ፊልም አሸነፈ። ዋንጫውን የሚቀበል ስላልነበረ አቶ መኰንን ራሳቸው ሰጥተው ራሳቸው ተቀበሉ።

ወይዘሮ የሺ ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ «የእኔዋስ መቼ ነው የምትጠራው?» አሉኝ። የምገባበት ጠፋኝ።

አሸናፊው ፊልም መታየት ሲጀምር ሰዉ እየተነሣ መውጣት ያዘ። እኔም ወይዘሮ የሺን ይዤ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ቪዲዮ ቤት ወሰድኳቸው። ባለቤቱ ብልጥ ነው፤ በዚያችው ሰዓት የልጃቸውን ፊልም ከፍቶታል። «እናቷ መጡ!» ሲባል ሁሉም ብድግ ብሎ ቦታ ለቀቀላቸው።

ፊልሙን አይተውት አያውቁም ነበር። ልጅቷ እናቷን ስትቀብር ሲያዩ ዘለው ተነሡ።

«ኧረ ልጄ፣ አለሁልሽ! ይኸው እዚህ ነኝ!»

የሳቀ ሰው የለም። ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ። ከሁሉ በላይ የሚንሰቀሰቅ ድምፅ ከጥግ ሰማሁና ዞር አልኩ። አቶ መኰንን ናቸው፤ የእርከኑን ዋንጫ ታቅፈው በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

ፊልሙ ሲያልቅ መጥተው ለወይዘሮ የሺ ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። «ማሕፀንሽ ይባረክ!» አሏቸው።

በሩ ላይ ስንደርስ፣ «ታዲያ እንዴት አዩት ጋሼ?» አልኳቸው።

«በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ፊልም አይቼ አላውቅም።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ለሽልማት ግን አይሆንም።»

ያኔ በግኜ ሌሊቱን ሙሉ ሳጉረመርም አደርኩ። ዛሬ ዕጩዎች ሲታወጁ አልናደድም። ወይዘሮ የሺ ሞጣ ሲገቡ፣ «ልጄ ቢቸና ላይ ተሸለመች፤ ሕዝቡ ቆሞ ተቀበለኝ» ብለው ለጎረቤት ሁሉ ማውራታቸውን ሰምቻለሁ። የሚያስተባብል ካለ እሱ ይሂድ፤ እኔ አልሄድም።