በፈተናው ወረቀት ላይ ያልነበረው በሽተኛ

መጀመሪያ የታመመው እግሩ መስሎን ነበር። ባለቤቴ ጌታቸው አንኮበር ውስጥ ባና የሚባለውን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ የሚሠራ ሸማኔ ነው። አንድ ጠዋት ግራ እግሩ የሽመና ዕቃውን መርገጫ ሳተ። ሳቅሁበት። «ያረጀኸው አንተ ነህ ወይስ ዕቃው?» አልኩት፤ እሱም ሳቀ። ወገቡን ካመመው ከርሟል፤ ጎንበስ ብሎ ለሚውል ሰው ይህ ምን ይገርማል? ሌሊት ሲያልበውም ብርድ ነው ብለን ጋቢ ደረብንለት።

ሕመሙ ሲጠናበት ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ሄድን፤ ያየው ሐኪም ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ ወጣት ነበር። ውጭ የተማሩት እዚህ ለመሥራት የሚወስዱትን የሙያ ፈቃድ ፈተና ብዙዎቹ ደጋግመው ሲወድቁ፣ እሱ በመጀመሪያው አለፈ፣ ያውም በከፍተኛ ውጤት ተባለ። ሰው ቶሎ የማላምነው እኔ እንኳ ይህን ስሰማ ልቤ አረፈ።

ራጅ ተነሳ፤ ማስታገሻ ተሰጠው። በቀጠሮው ቀን በሽተኛ ብቻ ይግባ ስለተባለ እኔ ኮሪደር ላይ ቀረሁ። ጌታቸው ቶሎ ወጣ።

«ደህና ነህ ተባልኩ» አለኝ።

«ደህና ነህ ያለህ እሱ ነው ወይስ ደህና ነኝ ያልከው አንተ?»

አውቀዋለሁ። ሰው «እንዴት ነህ?» ካለው ጥርሱን ነክሶም ቢሆን «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላል። ያደግነው እንዲህ ነው፤ ሕመምን መዘርዘር ፈጣሪን ማማረር ይመስለናል። ሐኪሙ ጠየቀ፣ ጌታቸው አመሰገነ፣ ሐኪሙም ተሽሎታል ብሎ ጻፈ። በሚቀጥለው ቀጠሮም ያው ሆነ። እግሩ እየደነዘዘ መሄዱን ለእኔም አልነገረኝም።

አንድ ጠዋት መነሳት አቃተው። እግሩን ቆነጠጥኩት። አልተሰማውም። ሽንቱ አምልጦት ነበር። አለቀሰ።

አዲስ አበባ ኤም አር አይ ተነሳ። የአከርካሪ ቲቢ ነው አሉን። አጥንቱን በልቶታል፤ መግሉ ወደ እግር የሚወርዱትን ነርቮች ተጭኗል። ቀዶ ጥገና ተደረገለት። መግሉ ወጣ። እግሩ አልተመለሰም።

ለመድኃኒቱ ክትትል ወደዚያው ሐኪም መለሱን። ልጮህበት ነበር የሄድኩት። የአዲስ አበባውን ውጤት አንብቦ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«እናቴ፣ እኔ የተማርኩበት አገር ሰው ደህና ነኝ ካለ ደህና ነው» አለኝ። «ፈተናው ላይ ያለው በሽተኛም ምንም አይደብቅም። የወገቡ ሕመም፣ ላቡ፣ የእግሩ መደንዘዝ አንድ ላይ ተጽፎ ይመጣል፤ የእኔ ሥራ መልሱን መምረጥ ነው። ጋሼን ግን አስነስቼ አላራመድኳቸውም።»

ንዴቴ እስካሁን አልወጣልኝም።

ፈተናው ዋሽቶናል ለማለት ግን አልደፍርም። የቲቢው መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ የጌታቸው ዓይን ቢጫ ሲሆን እኛ የወፍ በሽታ ነው ብለን ቅጠል ልናጠጣው ነበር። ሐኪሙ ገና ሲያየው መድኃኒቱ ጉበቱን እንደጎዳው ጠረጠረ፤ ደሙን አስመርምሮ ሁሉንም አቆመ፣ ጉበቱ ሲረጋጋም አንድ በአንድ እየመለሰ፣ በየጊዜው ደም እያስመረመረ ከሞት አተረፈልኝ። ይህን ዕውቀት ፈተናው በትክክል መዝኖታል። ሳይመዘን የቀረው ነገር ነው የባሌን እግር የወሰደው።

ይራመዳል ወይ ብዬ ጠይቄዋለሁ። «ተስፋ አልሰጥዎትም» አለኝ። የሽመና ዕቃውን ፈታተን ጥግ አስቀመጥነው። ጌታቸው አሁን ተቀምጦ ጠጉር ያባዝታል፤ የሚሸምነው የራሱን ዕቃ ግቢያችን የተከለ ሌላ ሰው ነው። ጌታቸውም ሲሸመን ላለማየት ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል።

ሕይወቱን ስላተረፈልኝ፣ ስህተቱንም ሳይሸሽግ ስለነገረኝ ሐኪሙን አመሰግነዋለሁ። አሁን እያንዳንዱን በሽተኛ ከበሩ እስከ ወንበሩ ሲራመድ ሳያይ ምንም አይጠይቅም ይላሉ። እንደኛ ያለ ነገር የገጠማችሁ፣ የሐኪማችሁን ውጤት ብትሰሙ ደግ ነው፤ ግን እሱን ሰምታችሁ ብቻ ኮሪደር ላይ አትቅሩ። ለምናችሁም ቢሆን ከታማሚው ጋር ግቡ። ምስጋናው ይቆይና መጀመሪያ ያመመው ይነገር።

በቀደም ጎረቤታችን ሊጠይቀው መጣ። «እንዴት ነህ ጌታቸው?» አለው።

«እግሬ አልዳነም፤ የሚድንም አይመስለኝም» አለ ጌታቸው።

ጎረቤታችን አጠገቡ ተቀመጠ። አብሬው ጠጉር ሳባዝት የነበርኩት እኔም አቆምኩ። ጌታቸው ጠጉሩን ጭኑ ላይ አስቀመጠና፣ «ተመስገን» አለ።